ተቃዋሚ ያልነበረው ውሳኔ

ሮቦት አለመሆኔን ለማረጋገጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል። የሲኒማ ትኬት በስልክ ልግዛ ብዬ ነው። የሲኒማው የስልክ አፕ ስሜን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የይለፍ ቃል ፍጠሪ አለኝ፣ ፈጠርኩ። ደካማ ነው አለኝ። ሌላ ፈጠርኩ፤ እሱም ደካማ ነው አለኝ። ቀጥሎ የጻፍኩት ንዴቴ ስለገባበት መሰለኝ ጠንካራ ነው ተባለ። ከዚያ ደግሞ ሥዕሎች ደርድሮ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጪ አለኝ። ምሰሶው ከመብራቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? አንዱን ነካሁ፣ ሌላውን ነካሁ፣ «እንደገና ይሞክሩ» አለኝ። በመሃል ስልኩ ራሱን ሊያድስ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲበራ ስሜን ጠየቀኝ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ጣጣ አይስክሬም የምሸጥበት ሲኒማ ቤት ለመግባት ነው። ደጄ ላይ ብቆም በሩ ይታየኛል።

ጌይኖር ፖስልዌት እባላለሁ። ሲኒማው ላንተርን ይባላል፤ እዚሁ ማርስካም በምትባለው የእንግሊዝ ከተማችን፣ የባሕሩ መንገድ ላይ ነው። የአንድ ሀብታም ንብረት እንዳይመስላችሁ። የቀድሞው ባለቤት አፍርሶ መኖሪያ ሊሠራበት ሲል የከተማው ሰው አክሲዮን ገዝቶ አስቀረው። ብዙ የገዛውም ትንሽ የገዛውም ድምፁ አንድ ነው። ሰው ሁሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም በሚያይበት ዘመን የሲኒማ አክሲዮን የሚገዛ ለትርፍ ብሎ አይደለም፤ ቤቱን ስለሚወድ ነው። እናም ሁላችንም ባለቤቶች ሆንን። ባለቤትነታችንን የምናሳየው ግን ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ብስኩት እየበላን ራሳችንን በአዎንታ በመነቅነቅ ነው። እኔ የኮሚቴው አባል ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው «አይሆንም» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የትኬት መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ኔቪል የእህቴ የሺላ ባል ነው። ሺላ ከሞተች ወዲህ ኔቪል ዝም ብሏል። ሰው ቤት አይሄድም፣ ሰው አይጠራም። ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ብሎ ስልኩን ይዘጋዋል። መስኮቱ ጋ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ክራቫት አስሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ከመስታወቱ ጀርባ ይሰየማል። «ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» ይላል። «ልጅሽ መንጃ ፈቃድ አገኘች?» ይላል። «ይሄ ፊልም ማለቂያ የለውም፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ደርሰህ ና» ይላል። ደመወዝ የለውም፤ በፈቃዱ ነው የሚሠራው። ከሰው ጋር የሚያወራው በዚያች መስታወት ቀዳዳ ብቻ ነው። ያቺን መስኮት ቢያጣ ቤቱ ገብቶ መጋረጃውን እንደሚዘጋ እኔ አውቅ ነበር። ማርስካም ውስጥ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

መስኮቱ ይዘጋ፣ ትኬት በስልክ ብቻ ይሸጥ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ሰብሳቢያችን ክሪስፒን ፌርሊ ነው። ክሪስፒን ለንደን የሰው ገንዘብ አክሲዮን ገበያ ላይ ሲያገላብጥ ኖሮ፣ በጊዜ ጡረታ ወጥቶ እኛ ጋ የሰፈረ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር። ጠዋት ገበያው እንዴት እንዳደረ ሳያይ ቁርስ አይበላም፤ መንግሥት ስለ ግብር አንድ ነገር በተነፈሰ ቁጥር የጡረታ ቁጠባችንን ወዴት እንደምናዛውር ሊመክረን ይሮጣል። አንድ ጊዜ አይስክሬም እየሸጥኩለት «ጌይኖር፣ ቁጠባሽ ሁሉ አንድ ቦታ ነው? አደጋ አለው» አለኝ። «ቁጠባዬ ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ነው ክሪስፒን፣ ባለፈው ክረምት አሳደስኩት» አልኩት። ከልቡ አዘነልኝ።

የእኛ ነገር ጣሪያ ላይ ነው የሚያልቀው። የላንተርን ጣሪያ ያፈሳል። ሰሞኑን ደግሞ የአካባቢ ምርጫ ደርሶ፣ የምክር ቤት አባሏ ሎርና ሄስኬት በየበሩ ቀዳዳ ወረቀት ታስገባ ነበር፤ ምክር ቤቱ «ዘመኑን የዋጁ» የከተማዋን ቤቶች ያድሳል የሚል። ክሪስፒን ወረቀቱን አነበበና ትኬታችንን በስልክ ካደረግን ዘመኑን ዋጀን፣ ጣሪያችን ይታደስልናል ብሎ ደመደመ።

ኮሚቴው የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ተከራይቶ ተሰበሰበ። ክሪስፒን አፑን በግድግዳው ላይ አሳየን። ሰው ሁሉ ግድግዳውን የሚያየው ሐኪም የራሱን የሆድ ዕቃ ፎቶ እንዳሳየው ሰው ነበር። እኔ እጄን አወጣሁ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ።

«በጣም ጥሩ ጌይኖር። ልዩ ልዩ ላይ እናነሳዋለን።»

«ልዩ ልዩ አይደለም፤ ስለዚሁ ስለ አፑ ነው።»

«ቢሆንም አጀንዳው ላይ የተጻፈ ጥያቄ አይደለም፤ ለሥርዓቱ ያህል ነው» አለኝ በትሕትና።

«እሺ፣ ሎርናን ጠይቀሃታል? ዘመን መዋጀት ማለት የትኬት መስኮት መዝጋት ነው ብላሃለች?»

«ምርጫ ላይ እኮ ናት። በዚህ ሰዓት በጥያቄ ማስቸገር አይገባም ብዬ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሰው ማስቸገርማ አይገባም። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ኦድሪ ስኳር የሌለበትን ሻይ ታማስላለች። ከድሮ ጀምሮ ረቡዕ ከሰዓት ፊልም አምልጧት የማያውቅ ኦድሪ፣ ከኔቪል ጋር ስለ ጽጌረዳዋ ሳታወራ የማትገባ ኦድሪ፣ ያለ ስኳር ሻይ ታማስላለች።

«እንግዲህ የሚቃወም ከሌለ...» አለ ክሪስፒን፤ ኮርኒሱን እያየ ትንሽ ጠበቀ። «እናመሰግናለን። በሙሉ ድምፅ አልፏል።»

ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተና ምንጣፋቸውን ጠቅልለው የያዙ ሴቶች ብቅ አሉ። ቀጣዩን ሰዓት የተከራዩት የስፖርት ሴቶች ናቸው። አንዷ ሰዓቷን ብቻ አየት አደረገች። ኮሚቴው በሙሉ እሳት እንደተነሳበት ቤት ወንበሩን አጣጥፎ ወጣ። የአዳራሽ ሰዓት ማሳለፍ እኛ ዘንድ ነፍስ ከማጥፋት ብዙ አይርቅም። እኔ ጥያቄዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

የመኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ ትርኢቱን ብታዩት! ኦድሪ ክንዴን ያዘችኝ።

«እኔ እኮ ጨርሶ አልወደድኩትም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ክሪስፒንን እንዴት ላስከፋው? ያን ያህል ደክሞበት።»

«ኔቪልስ?»

«እሱማ ያሳዝናል» አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች መጥተው ያንኑ አሉኝ። አንጀቴ በገነ። ከውስጥ ሙሉ ድምፅ ድጋፍ፣ ከውጭ ሙሉ ድምፅ ተቃውሞ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ በር ብቻ ነው!

ደንባችን በቂ ባለአክሲዮን ከጠየቀ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል ይላል። ፊርማ ላሰባስብ በየቤቱ ዞርኩ። ሁሉም አስገቡኝ፣ ሁሉም ሻይ ሰጡኝ፣ ሁሉም «ከጎንሽ ነን» አሉኝ። ዳቦ ጋጋሪው መስኮቱ ከተዘጋ አክሲዮኑን እንደሚመልስ ማለልኝ። ፋርማሲ የምትሠራዋ አለቀሰች። እኔ ሞኝ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ኔቪል ጋም ሄድኩ። የሺላ ኮት አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

«ለአንተ ነው የምንጣላው፣ አንተም እንድትመጣ» አልኩት።

«ለእኔ ብላችሁ አትጣሉ» አለ።

«እንጣላለን! አርፈህ ተቀመጥ፣ ነገሩን ለእኔ ተወው።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለት ልማዱ ነው፤ ሺላን ያገባትም እሷ ስትጠይቀው እሺ ብሎ ነው።

ጉባኤው ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ላንተርን ውስጥ ሆነ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ለፊልም እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ተነሥቼ ተናገርኩ። ንግግር አልችልም፤ ግን ደሜ ፈልቶ ስለነበር ቃሉ ራሱ መጣ። ስልክ የሌለው ሰው የት ይግባ አልኩ። ሮቦት አለመሆኑን ማስመስከር ያቃተው የት ይሂድ አልኩ። መስኮቱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ስንቶቻችንን በስም እንደሚጠራ ጠየቅኩ። ተጨበጨበልኝ። ዳቦ ጋጋሪው ቆሞ አጨበጨበ። አለቀ፣ አሸነፍን ብዬ ተቀመጥኩ።

ክሪስፒን ፊቱ ቀልቶ ተነሣ። «ጌይኖር ትክክል ናት፤ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው ኔቪል ናቸው» አለ። «ኔቪል፣ እርስዎ ይቃወማሉ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ኔቪል ከኋላ፣ መውጫው አጠገብ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሣና ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለ። «በእኔ ምክንያት ጣሪያው ሳይታደስ እንዲቀር አልፈልግም። እኔ ተቃውሞ የለኝም። በእኔ የተነሣ ጭቅጭቅ አይፈጠር።»

«ኔቪል!» ብዬ ጮኽኩ።

«እንግዲህ የሚደግፉ» አለ ክሪስፒን። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ኔቪል ነበር። ከዚያ ኦድሪ፣ እሱን እያየች። ከዚያ ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ዳቦ ጋጋሪው እጁን ሲያወጣ እኔን ላለማየት ጫማውን ያይ ነበር። እሱ ራሱ ከተስማማ እኛ ማን ነን ብለው፣ በአክብሮት፣ በጨዋነት ሰውየውን ከወንበሩ አነሡት። የሚቃወሙ ሲባል አዳራሹ ውስጥ ያለው እጅ የእኔ ብቻ ነበር።

በመኪናዬ ስመልሰው ራሴን መግታት አልቻልኩም።

«አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? ለምን አወጣህ እጅህን?»

«ሰው ሁሉ የሚፈልገው መስሎኝ ነው።»

«ማንም አይፈልገውም!»

«ታዲያ ለምን እጃቸውን አወጡ?»

«አንተ ስላወጣህ ነዋ!»

ኔቪል በመስኮቱ ባሕሩን ማየት ጀመረ። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ «ስላደረስሽኝ አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ለታክሲ ሾፌር እንደሚባለው። መሪውን በጡጫ መታሁት፤ ጥሩምባው ጮኸና ጎረቤቱ በመጋረጃ ቀዳዳ አየን።

መስኮቱ ተዘጋ። ክሪስፒን ከመስታወቱ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ሰቀለ። ኔቪል ጋ ስደውል ደህና ነኝ ይላል። ሾርባ ይዤ ስሄድ በሩን ጥቂት ከፍቶ ይቀበለኛል፤ ግቢ አይለኝም። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ የሚያወራው ግን አጣ። ስለ አየሩ አንድ ነገር ይላል፤ ከዚያ ሁለታችንም ሾርባውን እናያለን።

የመጀመሪያው የረቡዕ ከሰዓት ፊልም ደረሰ። የአይስክሬሙን ትሪ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መተላለፊያው ላይ ቆሜያለሁ። ክሪስፒን በሩ ጋ ስልኩን ይዞ ይንቆራጠጣል።

«ማንም አልገዛም» አለኝ። «አፑ ይሠራል፣ ግን የገዛ የለም።»

«ሮቦቶቹ ገና አልደረሱ ይሆናል» አልኩት።

«ግን ውጭ ያለው ሰው ምን እያደረገ ነው?»

ወጥቼ አየሁ። ከተዘጋው መስኮት ጀምሮ እስከ ዓሣ መጥበሻው ሱቅ ድረስ ሰልፍ ተዘርግቷል። ዝናብ ያካፋል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ከፊቱ ካለው ሰው ተገቢውን ርቀት ጠብቆ ጥቁሩን ጨርቅ እያየ ቆሟል።

በዚያው ሰዓት ሎርና ሄስኬት ፎቶ አንሺ አስከትላ ደረሰች፤ ዘመኑን የዋጀውን ሲኒማ ከምርጫው በፊት ልታሳይ። ሰልፉን ስታይ ፊቷ በራ። መጨረሻ ላይ የቆመውን ዳቦ ጋጋሪ ጨበጠችው።

«ይህን ያህል ሰው! ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«መስኮቱ እስኪከፈት ነው እመቤቴ።»

«የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ አላውቅም። ከፊቴ ያሉት የሚያውቁ ይመስለኛል።»

ከፊቱ ያለችው ፋርማሲ የምትሠራዋ ናት። «እኔም ከፊቴ ያለው ያውቃል ብዬ ነው» አለች። ከፊቷ ያለውም እንደዚያው። ሎርና፣ ክሪስፒንና እኔ ሰልፉን ተከትለን ወደ ፊት ሄድን፤ እያንዳንዱ ሰው በትሕትና ወደሚቀጥለው ያሳልፈናል። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ኦድሪን አገኘናት። ከኦድሪ ፊት፣ መጀመሪያ ላይ፣ ክራቫቱን ያሰረ ኔቪል ቆሟል። ጃንጥላ አልያዘም። ባርኔጣው በስብሷል።

«ኔቪል» አልኩ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ዞር ብሎ ከኋላው የተዘረጋውን ሕዝብ ሲያይ ደነገጠ። «እኔ እኮ ሰልፍ አልያዝኩም» አለ። «ረቡዕ ሲሆን ጊዜ ለበስኩ፤ ከለበስኩ በኋላ የምሄድበት አጣሁ። እግሬ እዚህ አመጣኝ። ከዚያ ኦድሪ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ጥያት ብሄድ ነውር መሰለኝ።»

«ከመጣሁ ጀምሮ እኮ አንድ ቃል አልተናገርክም!» አለች ኦድሪ።

«ካንቺ ጋር ከመስታወቱ በዚህ በኩል ቆሜ አውርቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጌይኖር፣ ቤት ውስጥ ትናንት ማታ ለቴሌቪዥኑ መልስ ሰጠሁት። ዜና አንባቢው መልካም ምሽት ሲለኝ መልካም ምሽት አልኩት። ድምፄ ሻክሮ ነበር። ስንት ቀን እንዳልተናገርኩ አላወቅኩም።»

ኦድሪ ጃንጥላዋን ለመንገደኛ እንደምትሰጥ ሁሉ ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ክሪስፒን ዞረች። ፊቷ ሳምባ መስሏል።

«ክሪስፒን፣ ይቅርታ አድርግልኝና አፕህን እጠላዋለሁ። መጀመሪያም ጠልቼዋለሁ።»

«እኔም» አለች ፋርማሲ የምትሠራዋ ከኋላ። «እኔም!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከዓሣ መጥበሻው ጋ፤ ነገሩን እንኳ ከዚያ ሆኖ መስማቱን እጠራጠራለሁ።

ክሪስፒን ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እኔስ የምወደው ይመስላችኋል?» አለ። ሊያለቅስ የደረሰ ይመስል ነበር። «እኔ ለንደንን ትቼ የመጣሁት ከስክሪን ሽሽት ነው! ኔቪል በየሳምንቱ ስለ ውሻዬ ይጠይቁኝ ነበር። ምክር ቤቱ ይፈልጋል ብዬ ነው እንጂ።»

ሁላችንም ሎርናን አየን።

«ምክር ቤቱ?» አለች ሎርና። «እኛ የጠየቅነው እኮ የተሽከርካሪ ወንበር መግቢያና ሙቀት የማያስወጣ ጣሪያ ነው። ስለ ትኬት አንድም ቃል የለበትም። ማንም ደውሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

«እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው» አለ ክሪስፒን።

ያን ጊዜ የሆነውን አላስታውስም፤ ኦድሪ እንደምትለው ትሪውን መሬት ጥዬ ስድብ አወረድኩ። ሰብሳቢውንም፣ ኮሚቴውንም፣ ጉባኤውንም፣ ከዓሣ መጥበሻው እስከ መስኮቱ ያለውን ጨዋ ሕዝብ ሁሉ አንድ በአንድ። ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ዝቅ አደረገ። ኔቪል ጎንበስ ብሎ አይስክሬሞቼን እየለቀመ ትሪው ላይ ይደረድርልኛል፣ በዓይነት በዓይነታቸው።

እሱን ሳየው ንዴቴ በረደና ሌላ ነገር ወጋኝ። ክሪስፒን ይቃወማሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። እኔ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ፣ ለእኔ ተወው አልኩት። ያን ሁሉ ቤት ስዞር፣ ያን ሁሉ ሻይ ስጠጣ፣ ሰውየውን ራሱን ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀው የለም። አጠገቡ ተንበረከክኩ።

«ኔቪል፣ ጣሪያውን ተወው። ሰዉንም ተወው። አንተ ምን ትፈልጋለህ?»

እጁ አንድ እርጥብ የአይስክሬም ማሸጊያ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ቃሉ ከየት እንደሚወጣ የጠፋው ይመስል ነበር። ሰልፉ በሙሉ ጠበቀው፤ መጠበቅ መቼም እናውቅበታለን።

«እዚያ ውስጥ መቀመጥ እፈልጋለሁ» አለ። ድምፁ በጣም ትንሽ ነበር። ወዲያው ደንግጦ ዙሪያውን አየና «ይቅርታ፣ ካስቸገርኩ» አለ።